ማህተሙ የት ይደር?

ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ይከዳዋል። ይሄን ያዘዘው እግዜር ነውና አልከራከርም። የማልቀበለው፣ ጉልበቴ በደከመ ቁጥር ቀበሌው አንድ ጋራ እየራቀኝ የሚሄድበትን ምሥጢር ነው። በጎልማሳነቴ ከአጥሬ ሥር ቆሜ ሊቀመንበሩን ስጠራው "አቤት!" ይለኝ ነበር። ኋላ ቢሮው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተሠራና መጣራቱ ቀርቶ መሄድ ግድ ሆነ። እሱንም ቻልኩት። አሁን ደግሞ "ከማዶ ቀበሌ ጋር ትዋሃዳላችሁ፤ ጽሕፈት ቤቱም ማዶ ይሆናል" ተባለ።

ማዶ!

አገሬን ላላየ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። እኛ ያለነው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርድበት ዳርቻ ነው። ሜዳው የተመቸ ነው፤ ጤፉም፣ ስንዴውም፣ ባቄላውም፣ ባህር ዛፉም አለ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ምንም ሳያስጠነቅቅ ያበቃና ገደል ይሆናል። ከገደሉ ባሻገር ሌላ ሜዳ፣ ሌላ ጤፍ፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ። ማዶ የምንለው እሱን ነው። ጠዋት አየሩ ጥርት ሲል የማዶ ገበሬ በሬውን በስሙ ሲጠራ እሰማለሁ። አንዲት የማዶ ሴትዮ ዶሮዎቿን ስትራገም እየሰማሁ ነው ያረጀሁት፤ መልኳን ግን አይቼው አላውቅም። ስንጠራራ እንሰማማለን፣ ለመገናኘት ግን ስንቅ መቋጠር ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ስንቁም አያገናኝም። ወንዙ ይሞላል፤ የማዶ ለቅሶ በጆሮ ብቻ ይደረሳል።

የውህደቱን ወሬ ያመጣው ከወረዳ የተላከ ልጅ ነው። ስብሰባው የተጠራው በሚካኤል ዕለት ነበር። ወረዳ በዓል ያከብርልናል፤ ሞፈር በማንጨብጥበት ቀን ስብሰባ ለመጥራት ይመቸዋልና። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሽማግሌ ሲገባ ይነሣል። ንግግሩ ግን የቢሮ ነው። "ከአደረጃጀት አንጻር"፣ "ከአገልግሎት አሰጣጥ አንጻር"፣ "ከሀብት ቁጠባ አንጻር" እያለ ፀሐይ አስጠለቀብን። በመጨረሻ ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶው ጫፍ ሁለት ነጥብ አሳየን።

"በቀጥታ መስመር አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚራራቁት" አለ። "ስለዚህ አቅጣጫ ተቀምጧል።"

"በቀጥታ መስመር የሚሄደው ማን ነው?" አልኩት።

"ማለት፣ አባባ?"

"ጭልፊት ነው። ጭልፊት ደግሞ ግብር አይከፍል፣ መታወቂያ አያወጣ፣ ማዳበሪያ አይወስድ። እኛ በጠማማው ነው የምንሄደው።"

ሰዉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ፤ ካርታውን ግን አላወረደም። "ሐሳብዎ በግብዓትነት ይወሰዳል" አለኝ። እኛ ዘንድ ግብዓት የሚባለው ዳፕና ዩሪያ ነው፤ እሱም አንዳንድ ዓመት ዘሩ ከበቀለ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሐሳቤም ምን ያህል እንደሚፈጥን ያኔውኑ ገባኝ።

ጨቅጫቃ ሽማግሌ ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት እስከ ዛሬ ስንቴ እንደተለካሁና እንደተዋሃድኩ ስሙኝ። ልጅ ሳለሁ የምናውቀው መንግሥት ጭቃ ሹሙ ነበር። ክፉ ሰው ነው፤ ግን ክፋቱ ቅርብ ነው፣ ማታ ሰክሮ የተሳደበውን ጠዋት ሲያፍርበት እናያለን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ቁጥር 31 የተባለው አዋጅ ገበሬው ቢያንስ በ800 ሄክታር፣ በድሮው አነጋገር በ20 ጋሻ መሬት ላይ ማኅበር እንዲያቋቁም አዘዘ። እኔ ያን ጊዜ ወጣት አስተማሪ ነኝ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ ተበትኖ ነበርና አንዱ ቡድን እኛም ዘንድ ደረሰ። የከተማ ልጆች ናቸው፤ ጤፍን ከሣር ለመለየት ይቸገራሉ፣ መፈክሩን ግን በቃላቸው ያውቁታል። ገመድ አስይዘውኝ ሜዳውን ስንለካ ከረምን። ገመዱ ገደሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ የቡድኑ መሪ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ አየና፣ ቀና ብሎ እኛን አየና፣ "እዚህ ላይ ይበቃል" አለ። ምድርን እገለብጣለሁ ይል የነበረው ያ ጎረምሳ፣ እኔ ካየኋቸው የመንግሥት ሰዎች ሁሉ ገደሉን ያከበረ እሱ ብቻ ነው።

በ1978 መንደር ምሥረታ መጣ። ቤታችሁን አፍርሳችሁ ሜዳ ላይ በመስመር ሥሩ፤ መብራቱም፣ ውሃውም፣ ክሊኒኩም ይከተላል ተባለ። ጣራችንን በወንፈል ተሸክመን ወረድን። መብራት አልመጣም፤ የመጣው የጎረቤት ፍየል ነው። የካቲት 1982 ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ ማንም ተመለሱ ሳይለን ያንኑ ጣራ ተሸክመን ወደየቀያችን ወጣን። የቤቴ ጣራ ዛሬም ድረስ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ከዚያ ጉዞ ወዲህ ነው፤ ባለቤቴ እኔ አሠራሩን ስለማላውቅ ነው ትላለች። ከ1983 በኋላ ደግሞ እኛ አካባቢ ሁለት ሦስቱ ገበሬ ማኅበር እየተጠቀለለ አንድ ቀበሌ ሆነ፣ እኛም ከላይ ሰፈሮች ጋር ተጋባን። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሊያጽናናኝ ብሎ "እኛም እኮ ከ203 ቀበሌ ወደ 99 ወርደን፣ ከዚያ ደግሞ 116 ወረዳ ተብለናል" ይለኛል። እሱ የተዋሃደው በታክሲ ነው፤ ምን ያውቃል?

ወደ ነገሬ ልመለስ። የወረዳውን ልጅ "አቅጣጫ ተቀምጧል ካልክ፣ ና አብረን እንሂድበት" አልኩት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር፤ እሺ አለ። አራት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ ልጁ፣ ሊቀመንበራችንና ጎረቤቴ ቄሱ። ሊቀመንበሩ የኔ ተማሪ ነበር፤ ዛሬም ፊቴ ሲቆም ሳያስበው እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። ቄሱ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት የሚጽፉ፣ ከዚህ ወዲያ የሚተካቸው የማይገኝ ሰው። በእግር መሄድ አይወዱም። የመጡት እኔ ወድቄ ብሞት የሚፈታ ያስፈልጋል ብለው ነው፤ እንዲህ ብለውም ፊት ለፊት ነገሩኝ።

ወሩ ጥር ነው። ጥር ለመንገደኛ ደግ ወር ነው፤ ክፉውን ወር ባሳየው ደስ ባለኝ፣ ግን መንግሥት በክረምት አይጎበኝም። በየውድማው ጭዱ ተከምሯል፣ የተራረፈውን እህል ወፍ ይለቅማል። ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎቹ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል፤ በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ አንድ በአንድ ይጎርሳሉ። አውራው ጋማውን ነስንሶ ተነሣና ከንፈሩን ገልብጦ አየን።

ልጁ ቆመ። "ይናከሳሉ?"

"ሣር ነው የሚበሉት። ስብሰባ ብቻ አትጥራቸው" አልኩት።

መውረድ ስንጀምር ማማረሬን ጀመርኩ፤ ለዚህም ነው የሄድኩት። መንገዱ የበቅሎና የአህያ ኮቴ የቀረጸው የድንጋይ ደረጃ ነው፤ አንዱ ደረጃ ለጉልበት ይበዛል፣ ሌላው ለእርምጃ ያንሳል። ልጁ አፈ ሹል ጥቁር ጫማ ተጫምቷል፤ ጫማው ቀድሞት ጥግ ይገባና ድንጋይ ይመታል። ከላይ ብርድ ነበርና ኮትም ሹራብም ደርቧል። ክትክታውን ጨርሰን ግራሩና ቁልቋሉ ጋ ስንደርስ ሙቀቱ ከታች ተነሣ። መጀመሪያ ኮቱን፣ ቀጥሎ ሹራቡን አወለቀ፤ ሁለቱንም ለሊቀመንበሩ አሸከመው። የተመረጠው የቀበሌያችን ሊቀመንበር የወረዳን ልብስ በትከሻው አንጠልጥሎ ሲወርድ ሳይ ስለ ሥልጣን አወቃቀር ብዙ ነገር ገባኝ።

መንገዱ መሃል ላይ፣ ከቆላ ጫፍ የምትወጣ አንዲት ልጅ አግኝተናል። ሕፃን በአንቀልባ አዝላለች፣ በእጇ ክትባት የሚመዘገብበትን ካርድ በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ድንጋይ ላይ አረፍ ብላ ላቧን ትጠርጋለች። የምትሄደው ወደ እኛው ጤና ኬላ ነው። እንግዲህ ስለ መንግሥት መልካም ነገር ተናገር ብባል የምናገረው ይሄንን ነው። በ1990ዎቹ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ተመደቡ፤ በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። የእኛዎቹ ሁለቱ ልጆች የየቤቱን ሽንት ቤት ያውቃሉ፤ የኔን አይተው ያለ አንዳች ኀፍረት ገሥጸውኛል። ያስቆፈሩኝም እነሱ ናቸው።

"ስንዋሃድ ጤና ኬላው የት ይሆናል?" አለችው ልጅቱ፣ ወሬው ደርሷት ኖሯል።

"ሁለቱም ይቀጥላሉ" አለ ልጁ። ቀጥሎ፣ ቅን ስለሆነ፣ "ለጊዜው" የምትለዋን ጨመረ።

ልጅቱ ሕፃኑን አስተካክላ አዘለችና መልስ ሳትሰጥ ወጣች።

ወንዙ ዳር ደረስን። በጥር ከጉልበት በታች ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጥን እንሻገረዋለን። ልጁ ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም፤ ጂፒኤሱ ግን ይሠራል። ቆይቶ ቆይቶ ፈገግ አለና "የአዲሱ ቀበሌ መካከለኛ ቦታ እዚህ ነው የሚወድቀው" አለን። የቆምነው ወንዙ መሃል ያለ ድንጋይ ላይ ነው።

ቄሱ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብለው ነበር። "እንግዲያው ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ይሠራ" አሉ። "ክረምት ሲገባ ራሱ ተነሥቶ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ወደ ምስር ይሄዳል። ማህተሙን ግብጾች ይገልገሉበት።"

ጥላ ፈልገን ቆሎ አወጣን፤ በቅል የያዝነውን ጠላም ተቀባበልን። ልጁ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውሃ ውስጥ ነከረና እንደ ሰው መናገር የጀመረው ያኔ ነው። ሐሰት አልነገረንም። በየቀበሌው ደሞዝ የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ አለ፤ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት እየተባሉ የሚመደቡ የልማት ሠራተኞች አሉ፤ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ይሠራል፤ ማህደር፣ ወንበርና ወረቀት ይገዛል። ወረዳው ያለው በጀት ደግሞ የታወቀ ነው። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ የሚተርፈው ለመንገድ ይውላል አለ። "መንገዱ የት በኩል ይመጣል?" ብዬ ስጠይቀው፣ ገደሉን ቀና ብሎ አየና ውሃውን በእግሩ ማማሰል ያዘ። የቁጠባው ሒሳብ እውነት ነው። ያልተጻፈው፣ እነሱ የቆጠቡትን እኛ በጉልበታችን እንደምንከፍለው ነው። ለአንድ ድጋፍ ደብዳቤ አንድ ቀን እርሻ የሚተው ሰው በየትኛው በጀት ላይ ይመዘገባል?

ዳገቱን እዘልለዋለሁ። በጽሑፍ መዝለል የሚቻለው ዳገት እሱ ብቻ ነው።

ማዶ ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተሰብስበው ይጠብቁናል። የጠበቅኩት ደስታቸውን ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱ እነሱ ጋ ነው የሚሆነው ተብሏልና። ለካ እነሱ የሰሙት ሌላ ነው። ለእነሱ የተነገራቸው ቢሮው እነሱ ዘንድ ሆኖ ሊቀመንበሩ ከእኛ እንደሚሆን ነው። "የእናንተ ሰው እኛን ሊገዛ?" አሉን ገና እግራችንን ሳንታጠብ። ለሰባት ትውልድ የተጋባን፣ ክርስትና የተነሣሣን ሰዎች ነን፤ የእኔም ታላቅ እኅት እዚያው ነው የተዳረችውና የተቀበረችው። ቢሆንም ማዶ ማዶ ነው። በአባቶቻቸው ዘመን አንድ ሰንጋ ጠፍቶባቸው ወደ እኛ መሻገሩን በዱካ አረጋግጠዋል፤ በሬው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አጀንዳው ውህደት ሆኖ ሳለ ግማሹ ስብሰባ በሬው ላይ አለቀ።

ስሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። የእኛ ስም ይቅደም አልን፤ የእነሱ ይቅደም አሉ። ልጁ ለሰላም ብሎ "አዲስ ስም እናውጣ፤ 'ሰላም በር' ቢባልስ?" አለ። በሩ የት አለ? ብለው አፋጠጡት። "ኅብረት ለልማት"ም ቀረበ። አንድ የማዶ አረጋዊ "እኔ ስሞት ፍትሐት ላይ የኅብረት ለልማት ልጅ ልባል ነው?" ብለው ተነሥተው ቆሙ። እኔም ያን ጊዜ ሳላስበው አጨበጨብኩ። ሁለቱ ቀበሌዎች የተዋሃዱት እንዳንዋሃድ ስንስማማ ነው። ልጁ ይሄንን ማስታወሻው ላይ መጻፉን አላውቅም፤ ዶሮ ወጡ ከቀረበ በኋላ ግን መከራከሩን ተወ።

ሰው እኔን ቀበሌ ወዳድ አድርጎ እንዲያስበኝ አልፈልግም። ቀበሌያችንን ከተቋቋመ ጀምሮ ሳማው ኖሬአለሁ። መዋጮ አያልቅበትም፣ ስብሰባው ጅምር እንጂ ፍጻሜ የለውም፣ መዝገቡን አይጥ በልቶታል። ነገር ግን የማማው በአጠገቡ ሆኜ ነው። ሊቀመንበሩ ደሞዝ የሌለው ሰው ስለሆነ እንደ እኔው ያርሳል፤ ስለዚህ እርሻው ላይ ሄጄ በሬ ጠምዶ ሳለ እቆጣዋለሁ። በሬ የጠመደ ሰው ስብሰባ አለብኝ ብሎ ማምለጥ አይችልም። ቅሬታ ሰሚ የሚባለው ነገር ከዚህ የበለጠ ምን ሊሆን ኖሯል? ማዶ ያለውን ሊቀመንበር ግን ምን ብዬ ልቆጣው? ወርጄ፣ ተሻግሬ፣ ወጥቼ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ አፌን ስከፍት ቁጣዬ ወንዙ ጋ ቀርቷል።

ሌላም አለ፤ መሬቱ። በ1990ዎቹ ክልላችን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሰጥቶናል። የባልና ሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የሚለጠፍበት ነው፤ እኔና ባለቤቴ ከሠርጋችን ወዲህ አብረን የተነሣነው ፎቶ እሱ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ ተቆጥታ ነው የወጣችው። ደብተሩ ላይ "በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ገደል" ተብሎ ተጽፏል። ድንበሩ የሚታወቀው ግን በደብተር አይደለም። ከቀጋዋ ሥር ያለችው ድንጋይ፣ ዘንድሮ የደረቀው ወይራ፣ ጎርፍ የቀየረው ቦይ፤ ይሄን የሚያውቁት የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም የሚያውቁት እዚያው ከብት ሲጠብቁ ስላደጉ ነው። የማዶ ኮሚቴ መጥቶ ወይራው የቱ ነው ቢል ምን እላለሁ? ጎረቤቴ ደግሞ ቀልጣፋ ሰው ነው፤ ወይራ ከሌለ ወይራ ይተክላል።

ስንመለስ አቤቱታ ጻፍን። ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል የሚል አለ። ቃሉ እኛን በስም ሊጠራን ትንሽ ነው የቀረው። ጽሕፈቱ የቄሱ ነው። በእስክሪብቶ አልጽፍም ብለው በመቃ ብዕርና ራሳቸው ከጥቀርሻ በበጠበጡት ጥቁር ቀለም ጻፉት፤ "ወረዳ" የሚለውን ቃል ብቻ በቀይ አደመቁት። ለምን ቀይ ስላቸው፣ "በመጽሐፍ ቀይ የሚሆነው የቅዱሳን ስም ነው፤ እነሱም ይሄን አይተው ይፈሩ ይሆናል" አሉኝ። ከሥሩ የሰው ሁሉ የጣት አሻራ ሰፈረበት። ወረዳ ስናቀርበው መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ልናሳልማት የመጣን መስሏት ከወንበሯ ተነሣች።

የወንድሜ ልጅ ኖርዌይ ነው የሚኖረው። ይሄን ሁሉ በስልክ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀና "ጋሼ፣ እዚህም ያው ነው" አለኝ። መንግሥታቸው ማዘጋጃ ቤቶቹን ከ428 ወደ 356 ዝቅ አድርጎ፣ በሰሜን ጫፍ ያሉትን ትሮምስና ፊንማርክ የሚባሉ ሁለት አውራጃዎችም በፈረንጆቹ 2020 አንድ አደረጋቸው። ፊንማርክ ብቻውን ከዴንማርክ ይሰፋል፣ ሕዝቡ ግን 75 ሺህ ገደማ ነው። በ2018 ድምፅ ሲሰጡ ከመቶ 87 እጅ እምቢ ብለው ነበር፤ እሺ ያላቸው ግን የለም። በ2024 መልሰው ተለያዩ። መኪና፣ አውሮፕላንና በረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር ያላቸው ሰዎች ራቀብን ብለው ጮኸው ከተሰሙ፣ እኔ በአንድ ዱላና በሁለት የታመመ ጉልበት ብጮህ ምን ይገርማል? ስልኩ ላይ የደነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ አራት ዓመት ተሳስተን ነበር ብሎ የሚመልስ መንግሥት መኖሩ።

የእኛም መልስ መጣ፤ በኖርዌዩ ዓይነት ግን አይደለም። የወረዳው ልጅ ሪፖርቱ ላይ "የመልክዓ ምድሩን አስቸጋሪነት" ጽፎልናል፤ እግዜር ይስጠው፣ የእግሩ ጥፍር ጠቁሮ ነው የተመለሰው። ስለዚህ ውህደቱ "በሙከራ ደረጃ" ሆነ። ስሙ በሁለቱም ስም በጭረት ተያይዞ ይጻፋል፤ ሊቀመንበሩ በየስድስት ወሩ ይቀያየራል፤ ቢሮው አንድ ሳምንት እኛ ጋ፣ አንድ ሳምንት ማዶ ይከፈታል። ማህተሙም አብሮ ይዞራል።

ማህተሙን ማን ይሸከም? ይሄ ለብቻው ሦስት ስብሰባ ወሰደ። ሥራ አስኪያጁ በደረት ኪሱ ይያዝ ተባለ፤ ወንዝ ሲሻገር ቢወድቅስ ተባለ። በቅሎ ይመደብ ተባለ፤ ገፈራዋን ማን ይችላል ተባለ። በመጨረሻ በቆዳ ኮሮጆ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንዲሻገር ተወሰነ፤ ሲያዩት ክታብ የታሠረበት በሽተኛ ነው የሚመስለው። ማዶ ያደረ ሌሊት ማህተሙ የት ይደር የሚለው ደግሞ ሌላ ነው፤ እነሱ በሊቀመንበሩ ቤት ይደር አሉ፣ እኛ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይደር አልን። ዕቃ ቤት ከገባ ለማውጣት ጸሎት ያስፈልገዋል ብለው የሳቁብን ራሳቸው ቄሶቻቸው ናቸው።

አሁን የእኛ ሳምንት ደረሰ። ለማዳበሪያ ብድር የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልግ ሰው ከጤና ኬላው አጥር እስከ ትምህርት ቤቱ በር ተሰልፏል፤ እኔም አለሁበት። ሥራ አስኪያጁ ኮሮጆውን ፈቶ ማህተሙን አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈለገ፣ ኪሱን ደባበሰ። ማህተሙ መጥቷል፤ የቀለሙ ሣጥን ማዶ ቀርቷል። ሊቀመንበራችን ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ "ቀለሙን ላኩልን!" ብሎ ጮኸ። ከማዶ "ኑና ውሰዱት!" ብለው መለሱለት። ሰኔ ገብቷል፣ ወንዙ መደፍረስ ጀምሯል፣ የሚወርድ ጠፋ።

መላ የመጣው ከቄሱ ነው። ቤታቸው ገብተው የቀለም ቀንዳቸውን አመጡ፤ ጨርቅ ነክረው ማህተሙን አጠገቡት። ደብዳቤያችን ላይ ያረፈው ክብ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ በሕይወቴ ያየሁት በጣም የሚያምረው ማህተም ነው። ሁላችንም ይዘን ወረዳ ሄድን። ወረዳ ደግሞ አገላብጦ አየና መለሰልን፤ የመንግሥት ማህተም ሐምራዊ መሆን አለበት፣ ይሄ አይታወቅም አለ።

ቄሱ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቀው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። "በዚህ ቀለም ዳዊት ተጽፏል፣ ገድል ተጽፏል፣ ድርሳን ተጽፏል" አሉት የመስኮቱን ሰው። "ለአንድ ኩንታል ዩሪያ አነሰ?"